ለሰው ሠራሽ ወኪል የሚጻፍ የመሣሪያ መግለጫ
የቃል ግልጽነት የነጋዴውን መዝገብ ስለሚጠብቅበት መንገድ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ወይም ቡናና የቅባት እህል ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፤ የጽሑፍን ዋጋ ከማንም አብልጦ ያውቃል። ዕቃው ገና በባሕር ላይ ሳለ፤ ባንኩም ሆነ መድን ሰጪው በእጃቸው የሚይዙት ስለ ዕቃው የተጻፈውን ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ቢጐድል፤ ወይም ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ቢገባበት፤ ዕቃው ራሱ ምንም እንከን ባይኖርበት ከወደብ ሳይወጣ ሊቆይ፤ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው የአባቶች አነጋገር በንግድ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚታይ እውነት ነው።

ይኸው የጽሑፍ ጒዳይ በአሁኑ ጊዜ በአንድ አዲስ የሥራ መስክ ተነሥቷል። የዕቃ ዝርዝራቸውን፤ የሽያጭ ሒሳባቸውንና የደንበኞቻቸውን ትእዛዝ በሰርቨር፤ ማለትም የብዙ ሰዎችን ጥያቄ በአንድ ጊዜ በሚያስተናግድ ኮምፒዩተር ላይ የሚያኖሩ ነጋዴዎች አያሌ ናቸው። ይህን ሰርቨር ሌሊትና ቀን የመጠበቁ ሥራ ቀድሞ የባለሙያ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ከሥራው አንዳንዱ ክፍል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ ወኪል መሰጠት ጀምሯል። ወኪሉ ሥራውን የሚያከናውነው በተሰጡት መሣሪያዎች ሲሆን፤ የመሣሪያዎቹን ጠባይ የሚያውቀው በቅድሚያ ስለ እነርሱ ከተጻፈለት አጭር መግለጫ ነው። እንግዲህ የመግለጫው አጻጻፍ የሚመለከተው መሐንዲሱን ብቻ አይደለም፤ የመዝገቡንም ባለቤት በቅርብ ይመለከተዋል።

ኮንቴይነር የሚለው ስም ከወደብ የመጣ ስለ መሆኑ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና በአሜሪካ ከኒዋርክ ወደብ ወደ ሂውስተን ተጓዘች። የጉዞው አሳቢ ማልኮም ማክሊን የተባለ የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤት ነበር። ከዚያ በፊት ወደብ ላይ እያንዳንዱ ጆንያና በርሜል ለየብቻው በሰው ትከሻና በክሬን ይወርድ ይጫን ነበር፤ በሣጥን ከታሸገ በኋላ ግን ሣጥኑ ሳይከፈት ከመኪና ወደ መርከብ፤ ከመርከብም ወደ ባቡር መተላለፍ ቻለ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የሣጥኑን መጠን ስለ ወሰነ፤ በየትኛውም ወደብ የሚገኘው ክሬን ሊያነሣው የሚችል ሆነ።

የኮምፒዩተር ሰዎች ስሙን የተዋሱት ከዚህ ነው። አንድ ፕሮግራም ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ በአንድ ጥቅል ሲታሸግና በማንኛውም ሰርቨር ላይ ሳይለወጥ ሲሠራ ኮንቴይነር ይባላል። ሰሎሞን ሃይክስ የተባለው መሐንዲስ ዶከርን እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ለሕዝብ ካሳየ ወዲህ አሠራሩ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንድነት የሚያስተዳድረውን ኩበርኔትስን አስተዋወቀ።

ሆኖም በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። የብረቱ ሣጥን ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይሠራል፤ የኮምፒዩተሩ ኮንቴይነር ግን በተፈለገ ጊዜ እንዲፈርስና በሌላ እንዲተካ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በውስጡ ብቻ የተጻፈ ነገር ኮንቴይነሩ ሲወገድ አብሮ ይጠፋል። እንዳይጠፋ የሚፈለገው መዝገብ ቮልዩም በሚባል ከኮንቴይነሩ ውጭ በሚገኝ ማኖሪያ ውስጥ መቀመጥ አለበት። አደጋው ሁሉ የሚነሣው ይህን ልዩነት በግልጽ ካለመጻፍ ነው።

ወኪሉ የሚያየውና የማያየው

አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘ ለማንም ክፍት የሆነ ደንብ አውጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ ለወኪሉ ሲቀርብ ስሙ፤ መግለጫውና የሚቀበላቸው ዝርዝሮች ይነገሩታል። ከመሣሪያው በስተጀርባ ያለው ፕሮግራም እንዴት እንደ ተጻፈ ግን እንደ ደንቡ አይታየውም። ይህም ማለት መሣሪያው አንድ ነገር የሚሠራ ሆኖ መግለጫው ሌላ ቢል፤ ወኪሉ የሚያምነው መግለጫውን ነው።

አዲስ የተቀጠረ የመጋዘን ሠራተኛ «መጋዘኑን አጽዳ» ቢባል ዞር ብሎ ያያል፤ ጥግ ላይ የተደረደረው የደንበኛ ዕቃ መሆኑን ከነባሩ ሠራተኛ ይጠይቃል፤ የአሠሪውንም ፊት አይቶ ይረዳል። ሰው ሠራሹ ወኪል ግን ነባር ባልደረባ የለውም። ትናንት የተማረውንም፤ ተጽፎ ካልተቀመጠለት፤ ዛሬ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ነባሩ ሠራተኛ በቃል ይነግረው የነበረው ሁሉ በመግለጫው ውስጥ መገኘት ይኖርበታል።

አንድ ቃል ስለሚያደርሰው ጉዳት ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፤ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ሦስት ኮንቴይነሮች አሉት እንበል። አንደኛው ለደንበኞች ዕቃውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሦስተኛው የሒሳብ መዝገቡን ይይዛል። ባለሙያው ለወኪሉ ከሰጣቸው መሣሪያዎች አንዱ ስሙ «አጽዳ» ሲሆን፤ መግለጫው «ኮንቴይነሮችን ያጸዳል» የሚል ብቻ ነው። በእውነቱ መሣሪያው የሚሠራው የቆሙትን ኮንቴይነሮች በሙሉ ማስወገድ፤ ቀጥሎም ባለቤት የሌላቸውን ቮልዩሞች ማጥፋት ነው።

አንድ ሌሊት የሰርቨሩ ማከማቻ ሞላ። ወኪሉም ቦታ እንዲያስለቅቅ ታዝዟልና «ያጸዳል» የተባለውን መሣሪያ መረጠ። በዚያች ሰዓት የሒሳብ መዝገቡ ኮንቴይነር ለእድሳት ቆሞ ነበር። መሣሪያው የቆመውን ኮንቴይነር አስወገደ፤ ኮንቴይነሩ በመወገዱም ቮልዩሙ ባለቤት የሌለው ሆነና ተከትሎ ጠፋ። ሲነጋ ማን እንደ ከፈለ፤ ማን ዕዳ እንዳለበት፤ የትኛው ጥቅል ለማን እንደሚላክ የሚናገር መዝገብ አልተገኘም። ቅጂ በሌላ ስፍራ ካልተቀመጠ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በዚህ ምሳሌ ወኪሉ ከትእዛዙ አልወጣም፤ የተነገረውንም አላጓደለም። ጉድለቱ «ማጽዳት» የሚለው ቃል አቧራ መጥረግንም፤ ዕቃ አውጥቶ መጣልንም አንድ አድርጎ መያዙ ነው። መሣሪያው መልሶ ተሠርቶ፤ መግለጫው እንደሚከተለው ቢጻፍ ግን ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

«ስም፤ የቆመ ኮንቴይነር አስወግድ። ሥራ፤ ስሙ የተጠቀሰለትን አንድ የቆመ ኮንቴይነር ለዘለቄታው ያስወግዳል። በሥራ ላይ ያለ ኮንቴይነር ከተጠቀሰለት አያስወግድም፤ ምክንያቱን ገልጾ ይመልሳል። ቮልዩም አያጠፋም፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ የተጻፈ መረጃ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ሊመለስም አይችልም። ኮንቴይነሩን ለጊዜው ለማቆም ከሆነ በዚህ መሣሪያ ፈንታ ‹ኮንቴይነር አቁም› የሚለው ይወሰድ። ከመጠቀም አስቀድሞ ‹ሁሉንም ኮንቴይነሮች ዘርዝር› በሚለው መሣሪያ ስሙ ይረጋገጥ። ‹መዝገብ› የሚል ምልክት ያለበት ኮንቴይነር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወገድ። ውጤት፤ የተወገደውን ኮንቴይነር ስምና የተለቀቀውን ቦታ በሜጋባይት ይመልሳል።»

ይህ መግለጫ ከፊተኛው በብዙ ይረዝማል፤ ነገር ግን አንዱም ዓረፍተ ነገር ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። እያንዳንዱ አንድ የስሕተት በር ይዘጋል።

በመግለጫው ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸው ነገሮች

1ኛ/ ሥራውን ከጎረቤቱ ሥራ መለየት። በዶከር ዘንድ አንድን ኮንቴይነር ከሥራ የሚያወጡ አራት ትእዛዞች አሉ፤ ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ማቆም ማለት ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ እንዲወጣ ምልክት መስጠት፤ በተለመደው አሠራር 10 ሰከንድ ጠብቆ ካልወጣ በግድ ማስወጣት ነው። መግደል ማለት ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ ማስወጣት ነው። ማገድ ማለት ፕሮግራሙ ከነያዘው ነገር ባለበት ደርቆ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ማስወገድ ማለት ኮንቴይነሩን ራሱን ማፍረስ ነው። በሱቅ ቢመሰል፤ የመጀመሪያው ሻጩን «የያዝከውን ደንበኛ ሸኝተህ ዝጋ» እንደማለት፤ ሁለተኛው አንገቱን ይዞ እንደማስወጣት፤ ሦስተኛው «ባለህበት ቁም» እንደማለት፤ አራተኛው ሱቁን እንደማፍረስ ነው። ገንዘብ በመቀበል ላይ ያለን ፕሮግራም ማቆም ሲገባ የገደለ ወኪል፤ ክፍያን ግማሽ መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ መግለጫው መሣሪያው መቼ እንደሚያገለግል ብቻ ሳይሆን፤ መቼ እንደማያገለግልና በምትኩ የትኛው እንደሚወሰድ ሊናገር ይገባል።

2ኛ/ መሣሪያው የማያሳየውን መናገር። የዶከር የዝርዝር ትእዛዝ በተለመደው አኳኋን የሚያሳየው በሥራ ላይ ያሉትን ኮንቴይነሮች ብቻ ነው፤ የቆሙትን ለማየት ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። መግለጫው «ኮንቴይነሮችን ይዘረዝራል» ብሎ ቢያቆም፤ ወኪሉ የቆመውን ኮንቴይነር እንደሌለ ቈጥሮ ሌላ አዲስ ሊያቆም ይነሣል። በመደርደሪያ ላይ ያለውን ብቻ ቈጥሮ መጋዘኑን የረሳ የዕቃ ቈጠራ እንደማይታመን ሁሉ፤ ይህም ዝርዝር ጉድለቱ ካልተነገረ አይታመንም።

3ኛ/ መስፈሪያውን በስሙ መጥራት። ቡና ነጋዴ «አሥር ላክ» ቢባል አሥር ምን ብሎ ይጠይቃል፤ 17 ኪሎ የሚመዝነው ፈረሱላና 100 ኪሎ የሚሞላው ኩንታል በአንድ ቁጥር ሲጠሩ ልዩነታቸው ብዙ ነውና። በኮንቴይነር ሥራም እንዲሁ ነው። የሚሞሪ መጠን ሲወሰን ለዶከር «ኤም» የምትባለው ትንሿ የላቲን ፊደል ሜጋባይት ማለት ናት። በኩበርኔትስ ግን ይህችው ትንሽ ፊደል የሺሕ አንድ እጅ ማለት ስለሆነች፤ 400 ሜጋባይት ለማለት አስቦ 400 ብሎ «ኤም»ን የጨመረበት ሰው የጠየቀው 0.4 ባይት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መሣሪያው የሚቀበለው ዝርዝር «መጠን» መባሉ አይበቃም፤ «የሚሞሪ ጣሪያ በሜጋባይት፤ ሙሉ ቁጥር፤ ምሳሌ 512» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል።

4ኛ/ የቃሉን ዘመን መጥቀስ። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ኢንኮተርምስን ያወጣው አንድ የንግድ ቃል በሁለት አገር ሁለት ትርጉም እየተሰጠው ክርክር ስለሚያስነሣ ነበር። ዳሩ ግን ቃላቱም ከእትም ወደ እትም ይለወጣሉ። «ሲ.አይ.ፒ.» በ2010ሩ እትም ሻጩን የሚያስገድደው ዝቅተኛውን መድን እንዲገባ ብቻ ነበር፤ በ2020ው እትም ግን ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር ሰፊውን መድን እንዲገባ ያስገድደዋል። በመሆኑም ጠንቃቃ ነጋዴ በውሉ ላይ ከቃሉ ጋር ዓመቱን ይጽፋል። በዶከርም ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። የማያገለግሉ ቮልዩሞችን የሚያስወግደው ትእዛዝ ቀድሞ ስም ያላቸውንም የሌላቸውንም አንድ ላይ ያጠፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ከወጣው 23.0 እትም ጀምሮ ግን፤ ለብቻ ካልታዘዘ በቀር፤ ስም የሌላቸውን ብቻ ያጠፋል። ቃሉ ያው ሆኖ ትርጉሙ ተለውጧልና፤ መግለጫው ለየትኛው እትም እንደ ተጻፈ ቢናገር ብዙ ጥርጥር ይወገዳል።

5ኛ/ የሚመለሰው መልስ የሚነበብ እንዲሆን ማድረግ። አንድ ኮንቴይነር ወድቆ መሣሪያው «137» ብቻ ቢመልስ፤ ቁጥሩ ፕሮግራሙ በግድ እንዲወጣ መደረጉን ያመለክታል እንጂ ያስወጣው ሰው ይሁን የሚሞሪ ማለቅ አይናገርም። «የተመደበለት ሚሞሪ ስላለቀ ሥርዓቱ አስወጣው» የሚል መልስ ወኪሉን ወደ ትክክለኛው መድኃኒት ይመራዋል። እንዲሁም የኮንቴይነሩን የሥራ መዝገብ የሚያነብ መሣሪያ ካልተወሰነ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሁሉን ይዘከዝካል፤ ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊያነብ የሚችለው ግን ልክ አለው። የመጨረሻዎቹ 100 መስመሮች እንደሚመለሱና ተጨማሪ ሲያስፈልግ እንዴት እንደሚጠየቅ መግለጽ ይበቃል።

ርዝመትን በተመለከተም ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። የመሣሪያዎቹ ሁሉ መግለጫ ወኪሉ ከሚያነበው ቦታ ላይ ድርሻ ይወስዳል። በመሣሪያ ብዛት የተጥለቀለቀ ወኪል መምረጥ ይቸግረዋል፤ ሁለት መሣሪያዎች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት መግለጫ ከማስረዘም ይልቅ አንዱን ማንሣት ይሻላል።

መግለጫ የበር ቁልፍ አለመሆኑ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ መግለጫን እንደ መከላከያ ግንብ እንዲቈጠር አያደርገውም። «አትክፈት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ካዝና ቁልፍ ካልተደረገበት ካዝና ሊባል አይችልም። የሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ደንብ አንድ መሣሪያ ለማየት ብቻ መሆኑን፤ ወይም የሚያጠፋ ሥራ እንደሚሠራ፤ ወይም ሁለት ጊዜ ቢታዘዝ ተጨማሪ ለውጥ እንደማያመጣ የሚያመለክቱ ምልክቶችን ይፈቅዳል። ነገር ግን ይኸው ደንብ ምልክቶቹ ጥቆማ መሆናቸውን፤ ከማይታመን ወገን በመጡ ጊዜም እንዳይታመኑ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ትክክለኛው መከላከያ ከሥልጣን ድልድል ይጀምራል። መዝገብ ለማየት ብቻ የተመደበ ወኪል የማጥፋት ሥልጣን ጨርሶ ሊሰጠው አይገባም። የማይመለስ ሥራ ከመፈጸሙ በፊት የሰው ፈቃድ ይጠየቅ፤ የጠፋ ቢኖርም የሚተካ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይኑር። መግለጫው በነዚህ ላይ ተጨምሮ ወኪሉ በተፈቀደለት ክልል ውስጥ በትክክል እንዲሠራ ያደርገዋል። በንግድ ውክልናም ልማዱ ይኸው ነው፤ የውክልና ወረቀቱ ሥልጣኑን ይወስናል፤ የሥራ መመሪያው ደግሞ በሥልጣኑ እንዴት እንደሚጠቀምበት ያስረዳል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ነጋዴው ከባለሙያው የሚጠይቀው

ባለሱቁ ወይም አስመጪው የኮምፒዩተርን ቋንቋ መማር አያስፈልገውም። ሰርቨሩን የሚጠብቅለት ባለሙያ በሰው ሠራሽ ወኪል የሚጠቀም ከሆነ፤ የመሣሪያዎቹን መግለጫ በተራ ቋንቋ እንዲያሳየው መጠየቅ መብቱ ነው። ሲያነበውም የሚከተሉትን ይመርምር።

ሀ/ ወኪሉ ሊያጠፋው የሚችለው ነገር በስሙ ተጠቅሷልን? የማይመለሰው የማይመለስ መሆኑ ተጽፏልን?

ለ/ የሒሳብና የትእዛዝ መዝገቡ በየትኛው ቮልዩም እንዳለ፤ ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይነካው ተነግሯልን?

ሐ/ መጠንና ጊዜ ሁሉ ከነመስፈሪያቸው ተጽፈዋልን?

መ/ ወኪሉ ሲጠራጠር ማንን እንደሚጠይቅ፤ ሥራውንም የት ላይ እንደሚያቆም ተወስኗልን?

ሠ/ የመዝገቡ ቅጂ ወኪሉ በማይደርስበት ስፍራ ይገኛልን? ቅጂው መልሶ የሚሠራ መሆኑስ ተሞክሯልን?

መግለጫውን ለመፈተን የሚበጅ ቀላል ዘዴም አለ። ስለ ሰርቨሩ ምንም ለማያውቅ ለአንድ አስተዋይ ሰው መግለጫዎቹን ብቻ ሰጥቶ፤ «ማከማቻው ሞልቷል፤ ከነዚህ የትኛውን ትወስዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው ካመነታ ወይም የተሳሳተውን ካነሣ፤ ወኪሉም በዚያው ስፍራ ሊሰናከል እንደሚችል ይገመታል። ቀጥሎም ወኪሉ ራሱ እውነተኛ መዝገብ በሌለበት የመለማመጃ ሰርቨር ላይ ይፈተን፤ የተሳሳተበትም ቦታ እየታየ መግለጫው ይታረም። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር መግለጫው አብሮ ካልተለወጠ፤ የትናንቱ እውነት የነገው ስሕተት መሆኑ አይቀርም።

እነዚህን ጥቂት መስመሮች አስተካክሎ መጻፍ የባለሙያውን የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ቢወስድ ነው። የጠፋን የሒሳብ መዝገብ ከደረሰኝ ቁራጭና ከደንበኛ ትውስታ መልሶ መሰብሰብ ግን ወራት ይፈጃል፤ ተሰብስቦም ሙሉ አይሆንም። የዕቃውን ዓይነት፤ ብዛትና ሁኔታ በጭነት ወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ የሚያስጽፍ ነጋዴ፤ መዝገቡን ለሚጠብቅለት ወኪል የሚሰጠውንም ቃል በዚያው ጥንቃቄ ቢያስጽፍ ንብረቱን ይጠብቃል።